ቪላው ተቆልፎ ሰርቪስ ውስጥ መኖር፦ ከልክ ያለፈ ቤት የሚያመጣው ጣጣ

ባሕር ዳር ውስጥ አልፎ አልፎ የምሄድበት አንድ ግቢ አለ። የብረቱ በር ሲከፈት ፊት ለፊት የሚታየው ባለ አንድ ፎቅ ቪላ ዐሥራ ሁለት ክፍሎች፣ ሁለት ሳሎኖች፣ አምስት መታጠቢያ ቤቶችና ከወለሉ እስከ ኮርኒሱ የሚደርስ መስታወት አለው። ያሠሩት ውጭ አገር ያሉት ልጆች ናቸው፤ የሚኖሩት ግን አባትና እናት ከአንዲት የልጅ ልጅ ጋር ነው። እስካሁን በሄድኩ ቁጥር የተስተናገድኩት በቪላው ሳሎን አይደለም፤ ከኋላ፣ አጥሩን ተደግፎ በተሠራው ሰርቪስ ውስጥ ነው። ምጣዱም ረከቦቱም ያሉት እዚያ ነው፤ ቴሌቪዥኑም ካለፈው ክረምት ጀምሮ ወደዚያው ተዛውሯል። እማማ የቪላውን ቁልፍ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይይዙ ነበር። «እዚያማ የምንገባው ለመጥረግ ነው» አሉኝ አንድ ቀን ቡና እየቀዱ።

በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በእንጅባራም እንዲህ ያሉ ቤቶች ጥቂት አይደሉም። ትልቅ ቤት የመሥራት ምኞት ማንንም የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ይህ ጽሑፍ የሚያብራራው ምኞቱን ሳይሆን ቤቱ ካለቀ በኋላ የሚመጣውን ነው፤ ማለትም ቤት ከሚኖርበት ሰው ልክ ሲያልፍ በወጪ፣ በጤና፣ በኑሮና በውርስ ላይ ምን እንደሚከተልና ምክንያቱ ምን እንደሆነ።

ከልክ ያለፈ የሚባለው ምን ያህል ሲሆን ነው?

በካሬ ሜትር ብቻ የሚለካ አይደለም። ዘጠኝ ቤተሰብና ሁልጊዜ የማይጠፋ እንግዳ ላለው ሰው 300 ካሬ ሜትር በቂ ሊሆን ይችላል፤ ለሁለት አዛውንት ግን ግማሹም ይበዛል። ስለዚህ መመዘን ያለባቸው ሦስት ነገሮች ናቸው፦ በየቀኑ በቤቱ ውስጥ የሚያድረው ሰው ብዛት፣ ቤቱን የሚያጸዳና የሚጠግን እጅ፣ እንዲሁም በየዓመቱ ለቤቱ ሊመደብ የሚችለው ገንዘብ። ከሦስቱ አንዱ ከቤቱ ስፋት ጋር ካልተመጣጠነ ቤቱ ከልክ አልፏል ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ ቃል መለየት ያስፈልጋል። የግንባታ ወጪ አንድ ጊዜ የሚከፈል ነው፤ የማቆያ ወጪ ግን ቤቱ እስካለ ድረስ የሚከፈለው የቀለም፣ የጥገና፣ የውኃ፣ የመብራት፣ የጥበቃና የታክስ ድምር ነው። የጎጃም ገበሬ በሬ ሲገዛ የገበያውን ዋጋ ብቻ አይጠይቅም፤ እስከሚቀጥለው ክረምት የሚበላው ጭድና ድርቆሽ ጎተራው አጠገብ መከመሩን አስቀድሞ ያያል። ቤት የሚያሠራ ሰው ግን ብዙ ጊዜ በሬውን ብቻ ገዝቶ ይመጣል።

ቤቱ በእጥፍ ሲሰፋ ጣጣው ለምን በእጥፍ ብቻ አይቆምም?

ይህን በጣሪያ ማየት ይቀላል። 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ ቤት 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ አለው። እያንዳንዱን ጎን በእጥፍ አድርጎ 20 በ20 ያሠራ ሰው ያገኘው 200 ካሬ ሜትር ሳይሆን 400 ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ስለሆነ፣ በሐምሌ አንድ ከሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ ከትንሹ ቤት ጣሪያ 3,000 ሊትር፣ ከትልቁ ግን 12,000 ሊትር ይወርዳል፤ ይህም ባለ 200 ሊትር በርሜል ስድሳ ጊዜ የሚሞላ ነው።

የሚገርመው ክፍል ገና ነው። ጣሪያው አራት እጥፍ ሲሆን በዙሪያው የሚዞረው አሸንዳ ግን ከ40 ሜትር ወደ 80 ሜትር፣ ማለትም በሁለት እጥፍ ብቻ አድጓል። በትንሹ ቤት እያንዳንዱ የአሸንዳ ሜትር 75 ሊትር ሲሸከም በትልቁ 150 ሊትር ይሸከማል። በሁለቱም ቤቶች ላይ አንድ ዓይነት አሸንዳ ከተሰቀለ የትልቁ ሞልቶ ወደ ኮርኒሱ ይገለበጣል። አዲስ ቪላ ሁለት ክረምት ሳያልፍበት ጂፕሰሙ ላይ እንደ ካርታ የተንጣለለ ቡናማ እድፍ የሚታየው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው፤ ግንበኛው ይረገማል እንጂ ስሌቱን የሚጠይቅ የለም።

ብርሃንም እንዲሁ ነው። በመስኮት የሚገባ የቀን ብርሃን በሚገባ የሚያገለግለው ከመስኮቱ ራስጌ ከፍታ እጥፍ ወይም ከዚያ ጥቂት እስከሚበልጥ ርቀት ድረስ ነው። የመስኮቱ ራስጌ ከወለል 2.5 ሜትር ከሆነ ብርሃኑ ወደ ውስጥ አምስት ወይም ስድስት ሜትር ገብቶ ይደክማል። ስለዚህ 20 ሜትር ስፋት ያለው ቤት ከሁሉም ጎን መስኮት ቢኖረው እንኳ መካከሉ ጨለማ ነው፤ ኮሪደሩ ላይ በቀትርም መብራት ይበራል።

ቀለሙንም እንጨምር። ወለሉ 5 ሜትር በ6 ሜትር፣ ከፍታው 3.5 ሜትር የሆነ ክፍል ግድግዳው 77፣ ኮርኒሱ 30፣ በድምሩ 107 ካሬ ሜትር የሚቀባ ገጽ አለው። አንድ ሊትር ቀለም በአንድ ዙር 10 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል። ዐሥራ ሁለት እንዲህ ያሉ ክፍሎችን ሁለት ዙር ለመቀባት ከ250 ሊትር በላይ ያስፈልጋል፤ ይህ የውጩን ግድግዳ፣ አጥሩንና ደረጃውን አይጨምርም። ባለ ሁለት ፎቅ ከፍታ ያለው ሳሎን ከሆነ ደግሞ ቀቢው ከመሰላል አልፎ መወጣጫ ማቆም አለበት፤ አምፖል መቀየር ራሱም የአንድ ቀን ሥራ ይሆናል።

ውኃውና መብራቱስ?

በግቢው ያየሁት አንድ ነገር ነገሩን በደንብ ያስረዳል። ቦይለሩ የተሰቀለው ማድ ቤቱ አጠገብ ነው፤ የዋናው መኝታ ቤት መታጠቢያ ግን በቤቱ ሌላ ጫፍ፣ ፎቅ ላይ ነው። ቧንቧው በግድግዳ ውስጥ ዞሮ 25 ሜትር ያህል ይጓዛል። የውስጥ ስፋቱ 20 ሚሊ ሜትር የሆነ ቧንቧ በ25 ሜትር ርዝመቱ ውስጥ ወደ ስምንት ሊትር የሚጠጋ ውኃ ይይዛል። ስለዚህ አባባ ጠዋት ቧንቧውን ሲከፍቱ ሙቁ ውኃ ከመድረሱ በፊት ሌሊቱን በቧንቧው ውስጥ የቀዘቀዘው ስምንት ሊትር መፍሰስ አለበት፤ ታጥበው ሲጨርሱም ሌላ ስምንት ሊትር ሙቅ ውኃ እዚያው ቧንቧ ውስጥ ቀርቶ ይቀዘቅዛል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እሳቸው ዘዴውን አግኝተውታል፦ በምድጃ የሞቀ ውኃ በጆግ ይዘው ሰርቪስ ውስጥ ይታጠባሉ።

ግፊትም አለ። ከቧንቧው አፍ 10 ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሮቶ የሚሰጠው ግፊት አንድ ባር ያህል ነው። ፎቁ ላይ ያለው መታጠቢያ ከሮቶው በታች ሁለት ወይም ሦስት ሜትር ብቻ ከሆነ ውኃው ይንጠባጠባል እንጂ አይወርድም፤ ስለዚህ ፓምፕ ይገዛል፣ ፓምፑ መብራት ይፈልጋል፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጄኔሬተር ይፈለጋል። በትልቅ ቤት ውስጥ አንዱ መሣሪያ ሌላውን እየጎተተ የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው።

የመብራት ታሪፉም መታወቅ አለበት። በአገራችን የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የተከፋፈለ ነው፤ በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት ዝቅተኛውን የነጠላ ዋጋ ሲከፍል፣ ፍጆታው እየጨመረ ሲሄድ የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል፣ ከ500 በላይ የሚጠቀመው ከፍተኛው እርከን ላይ ይወድቃል። ባለ 10 ዋት የሆኑ ስድሳ አምፖሎች በቀን አምስት ሰዓት ቢበሩ በወር 90 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናሉ፤ ምድጃ፣ ቦይለርና ፓምፕ ገና ሳይቆጠሩ ቤቱ ከመጀመሪያው እርከን ወጥቷል ማለት ነው።

ስለ መስታወቱ በአጭሩ፦ ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ከሰዓት የምታቃጥል ከተማ ናት። ወደ ምዕራብ የዞረ ሰፊ መስታወት ፀሐይን ያስገባል፣ ሙቀቱን ግን መልሶ በቀላሉ አያስወጣም። ደጋው ደብረ ማርቆስ ላይ ያው መስታወት ሌሊት ቅዝቃዜውን ያስገባል። ያ የምንንቀው የጭቃ ግድግዳ ቀን የወሰደውን ሙቀት ቀስ ብሎ ሌሊት ስለሚሰጥ በሁለቱም ቦታ ይሻላል።

ማንም የማያድርበት ክፍል ምን ይሆናል?

ባዶ ክፍል ያለ ሥራ ስለሚቀመጥ የማይጎዳ ይመስላል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። እያንዳንዱ የእጅ መታጠቢያና የወለል ማፍሰሻ ከሥሩ ጠመዝማዛ ሲፎን አለው። ሲፎኑ ውስጥ ሁልጊዜ የሚቀረው ጥቂት ውኃ ከሽንት ቤት ጉድጓዱ የሚመጣውን ጋዝና ሽታ የሚያግድ ክዳን ነው። መታጠቢያ ቤቱ ለሳምንታት ካልተጠቀሙበት ያ ውኃ ይተናል፤ ክዳኑ ተከፈተ ማለት ነው። ሽታው በበጋ ድንገት ሲመጣ ባለቤቶቹ ጉድጓዱ ሞላ ብለው መኪና ይጠራሉ፤ መድኃኒቱ ግን በየሁለት ሳምንቱ በእያንዳንዱ ማፍሰሻ አንድ ጆግ ውኃ ማፍሰስ ነው። እማማ ይህን ከነገርኳቸው ጀምሮ አምስቱንም እየዞሩ ያጠጧቸዋል፤ «እንደ ጽጌረዳ» ይላሉ እየሳቁ።

ሁለተኛው እርጥበት ነው። በክረምት አየሩ ራሱ ውኃ ያዘለ ነው። ያ አየር ተዘግቶ ወደ ቆየ ክፍል ገብቶ ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲነካ፣ ቀዝቃዛ ጠርሙስ ላይ ላብ እንደሚወጣው፣ ውኃው ግድግዳው ላይ ይቀራል። ሰው የሚኖርበት ክፍል መስኮቱ ይከፈታል፣ ፀሐይ ይገባዋል፤ የተዘጋው ግን ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ጀምሮ ሻጋታ ያበቅላል። ሻጋታ ደግሞ አስምና አለርጂ ያለበትን ሰው ሕመም ይቀሰቅሳል። ፍራሾቹና መጋረጃዎቹ የሚበላሹት ሰው ሳይተኛባቸው ነው፤ ከዚህ በላይ የሚያናድድ ወጪ አላውቅም። በኮርኒሱ ላይ ስለሚሰፍሩት የሌሊት ወፎችና አይጦች ማብራራት አያስፈልግም።

መሬቱስ ይሸከመዋል?

በጎጃም ብዙ ቦታ ጥቁር ዋልካ አፈር አለ። ዋልካ ክረምት ሲርስ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ተሸብሽቦ ይሰነጠቃል፤ ጤፍ ያበቅላል፣ መሠረት ግን ያነቃንቃል። ትንሽ ቤት ሁሉም ጎኑ በአንድ ዓይነት አፈር ላይ ሊያርፍ ይችላል። ሰፊ ቤት ግን አንዱ ጫፉ ዋልካ ላይ፣ ሌላው ቀይ አፈር ወይም ዐለት ላይ የመውደቅ ዕድሉ ሰፊ ነው፤ በዚህ ጊዜ ሁለቱ ጫፎች እኩል አይነሡም፣ እኩልም አይቀመጡም። ውጤቱ ከበሩ ማዕዘን ወደ ላይ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅና ከወለሉ ድንገት ብድግ የሚል ሴራሚክ ነው። ስለዚህ አፈሩን በበርካታ ቦታ አስቆፍሮ ማስመርመር ለትልቅ ቤት ቅንጦት አይደለም።

የተሰበረውን ሴራሚክ መተካትም የራሱ ጣጣ አለው። ማስጨረሻ ዕቃው በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ ብር ከዶላር አንጻር ያለው ዋጋ በእጅጉ ወርዷል። ከዚያ በፊት የተነጠፈ ወለል ዛሬ ሃያ ካሬ ሜትሩ ቢበላሽ ዋጋው ሌላ ነው፤ ያው ዓይነት መገኘቱም አጠራጣሪ ነው።

ድሮ መሳፍንቱ ትልቅ ቤት አልነበራቸውም ወይ?

ነበራቸው። በ1873 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ አራተኛ የጎጃም ንጉሥ ሆነው የነገሡት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መቀመጫቸው ደብረ ማርቆስ ነበር፤ ቤተ መንግሥታቸውም እዚያው ነው። ነገር ግን የአገራችን የመኳንንት ግቢ አሠራር ከዛሬው ቪላ በአንድ ዋና ነገር ይለያል። ሁሉም ነገር በአንድ ጣሪያ ሥር አልነበረም። ግብር የሚበላበት አዳራሽ ለብቻው፣ ጌታው የሚያድርበት እልፍኝ ለብቻው፣ ወጥ ቤቱ፣ እንጀራ ቤቱና ጠጅ ቤቱም እንዲሁ ለየብቻቸው ነበሩ። አዳራሹ ግዙፍ ነው፣ እልፍኙ ግን ጠበብ ያለና የሚሞቅ ነው። ጌታው ግብሩ ሲያልቅ አዳራሹን ትቶ እልፍኙ ይገባል።

ሌላው ልዩነት እጁ ነው። ያን ግቢ የሚያቆሙት አጋፋሪው፣ እልፍኝ አስከልካዩ፣ ወጥ ቤቷ፣ ጋጋሪዋ፣ ጠጅ ጣይዋ፣ ውኃ ቀጂውና እንጨት ፈላጩ ነበሩ። የዛሬው ቪላ የአዳራሹን ስፋት ወስዶ እነዚያን ሁሉ እጆች ለአንዲት የቤት ሠራተኛ አስረክቧቸዋል። እሷም በወሩ መጨረሻ ሻንጣዋን ይዛ ብትወጣ የሚገርም አይደለም።

አዳራሽ ለግብር ቀን፣ እልፍኝ ለሌላው ቀን የሚለውን ክፍፍል ከያዝን የሰርቪሱ ምስጢር ይገባናል። ቪላው የተሠራው ለሠርግ፣ ለክርስትናና ልጆቹ ከውጭ ለሚመጡባቸው ጥቂት ሳምንታት ነው። በቀረው ጊዜ ቤተሰቡ ሳያስበው የራሱን እልፍኝ ፈልጎ አግኝቷል።

የሚኖሩበትን ሰዎች እንዴት ይነካል?

ቤተሰብ የሚገናኘው በአጋጣሚ ነው፤ አንዱ ለውኃ ሲነሣ፣ ሌላው በሳሎኑ ሲያልፍ። እያንዳንዱ የራሱ መታጠቢያ፣ የራሱ ቴሌቪዥንና የራሱ በር ሲኖረው ያ አጋጣሚ ይጠፋል። ፎቅ ላይ ያለውን ልጅ ለእራት በስልክ የሚጠሩ እናት አይቻለሁ፤ ጮኸው ቢጠሩት አይሰማማ።

ዕድሜም መታሰብ አለበት። ደረጃ በአርባ ዓመት ስፖርት ነው፤ በሰባ ዓመት ጉልበት ሲያምና ሴራሚኩ ሲርስ የአደጋ ቦታ ነው። በዚያ ላይ አንድ አዛውንት በሩቅ ክፍል ቢወድቁ ድምፃቸው ሳይሰማ ሰዓታት ሊያልፉ ይችላሉ። አጥሩ ሲረዝም ደግሞ ጎረቤት ይርቃል፤ በጠባብ ቤት የቡናው ሽታ ራሱ ይጠራ ነበር፣ አሁን ሰው በጥበቃው በኩል አልፎ፣ ማንነቱን ተናግሮ ነው የሚገባው። ጥበቃውና የአጥሩ ሽቦ የቤቱ ጎልቶ መታየት ያመጣቸው ወጪዎች መሆናቸውንም ልብ ይሏል።

ታክሱ፣ ሽያጩና ውርሱ

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. የንብረት ታክስ አዋጅ አጽድቋል። የንብረት ታክስ ማለት በከተማ በሚገኝ መሬትና ሕንፃ ላይ፣ በንብረቱ ዋጋ ላይ ተመሥርቶ በየዓመቱ የሚጣል ግብር ነው፤ ክልሎች በየራሳቸው ሕግ የሚሠሩበት ይሆናል። ቤቱ ገቢ አስገባም አላስገባም ታክሱ ዋጋውን ተከትሎ ይመጣል። በጡረታ ለሚኖሩ ባለ ቪላ ወላጆች ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

«ከከበደኝ እሸጠዋለሁ» የሚለው መልስ ደግሞ ዋጋንና ገዢን ያምታታል። አንድ ቤት በወረቀት ብዙ ሚሊዮን ብር ሊገመት ይችላል፤ ነገር ግን በሞጣ ወይም በቡሬ ያን ያህል ገንዘብ ይዞ፣ ያን ቅርፅ ወድዶ፣ ዛሬ የሚገዛ ሰው ስንት ነው? ሦስት መኝታ ያለው ቤት ብዙ ፈላጊ አለው፤ ዐሥራ ሁለት ክፍል ያለው ግን ገዢው ሆቴል፣ ክሊኒክ ወይም መሥሪያ ቤት ሊሆን ይችላል፣ እነሱም የአገልግሎት ለውጥ ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል። በባለቤቱ ጣዕም የተሠራው ዓምድና ጌጥም ለገዢው ዋጋ የለውም፤ እንዲያውም ማፍረሻውን አስቦ ይከራከራል።

ውርሱ ላይ ጉዳዩ ይብሳል። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ልጆች፣ ወንድ ሴት ሳይባል፣ የወላጆቻቸውን ሀብት እኩል ይወርሳሉ። ሦስት መጠነኛ ቤቶች ለሦስት ልጆች ይዳረሳሉ። አንድ ግዙፍ ቪላ ግን ለሦስት አይቆረስም፤ ደረጃው አንድ፣ ማድ ቤቱ አንድ፣ ቆጣሪው አንድ ነው። ወይ አንዱ የሌሎቹን ድርሻ ከፍሎ ያስቀረዋል፣ ወይ ተሽጦ ገንዘቡ ይከፋፈላል፤ ካልተስማሙ ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ በሐራጅ ሊያልቅ ይችላል። ወላጅ ልጆቹ እንዲሰባሰቡበት ያሠራው ቤት ወንድማማቾችን የሚያካስስ የመጀመሪያው ንብረት ሲሆን ማየት በፍርድ ቤት ደጅ እንግዳ ነገር አይደለም።

የተሠራውን ቤት ምን ማድረግ ይቻላል?

ማፍረስ አያስፈልግም። መጀመሪያ ቤቱን በሁለት መክፈል ነው፦ የሚኖሩበትን ክፍል በአንድ ወገን ሰብስቦ የቀረውን በራሱ የኤሌክትሪክ ማቋረጫና በራሱ ሳራቺኔስካ (የውኃ መዝጊያ) መለየት፤ አንድ ቧንቧ ሲፈነዳ የቤቱ ሁሉ ውኃ እንዳይቋረጥ ይህ ይረዳል። ከተቻለ የተለየው ክፍል የራሱ በር ወጥቶለት ይከራያል። ትንሽ ቦይለር መታጠቢያው አጠገብ መስቀል የሃያ አምስት ሜትሩን ጉዞ ያስቀራል። አሸንዳው ወደ ሰፊ ይቀየራል፣ ተጨማሪ መውረጃ ይጨመርለታል። ገና ፕላን ላይ ያለ ሰው ደግሞ ለአርክቴክቱ ስንት ክፍል እንደሚፈልግ ከመንገሩ በፊት ባለፈው ወር በቤቱ ውስጥ በእያንዳንዱ ክፍል ማን ስንት ቀን እንዳደረ ቢቆጥር ቁጥሩ ይበቃዋል።

እነዚያ የባሕር ዳር ቤተሰቦች በመጨረሻ ፎቁን ለሁለት ወጣት መምህራን አከራይተዋል፤ ደረጃው ከውጭ ስለነበረ ብዙ አላስቸገረም። ምድር ቤት ካሉት ክፍሎች አንዱን አባባ መኝታ አደረጉት። ሳሎኑ አሁንም ተቆልፏል፤ እማማ ቁልፉን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው በር ላይ ሰቅለውታል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠርገው መስኮቱን ከፍተው እስከ ማታ ይተዉታል፣ ቡናው ግን ዛሬም ሰርቪስ ውስጥ ነው የሚፈላው።